ከተሰጡ ፊደላት ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት ይገኛል?

ስክራብል (ፊደል በተጻፈባቸው ካሬዎች ሰሌዳ ላይ ቃል የሚሠራበት ጨዋታ) የሚጫወቱ ጓደኞቼ፣ ስልካቸው ላይ የቃላት ጨዋታ የለመዱ ዘመዶቼ፣ ለስፔሊንግ ውድድር የሚዘጋጁ ተማሪዎች ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ፊደሎቹ እነዚህ ናቸው። ሦስትና አራት ፊደል ያለው ቃል ቶሎ ይታየኛል። ረጅሙ ግን አልመጣ ይለኛል። እንዴት ነው የሚገኘው?» በየጊዜው ቆራርጬ ከምመልስ ሙሉውን እዚህ አስቀምጬዋለሁ።

ዋናው ነገር ይህ ነው። ረጅም ቃልን ከመጀመሪያ ፊደሉ ተነስታችሁ አትፈልጉት፤ ከጫፎቹ ጀምሩ። አብዛኞቹ ረጃጅም የእንግሊዝኛ ቃላት የተሠሩት በአጭር ግንድ ላይ፣ ከፊትና ከኋላ፣ ሌላ ነገር እየተቀጠለ ነው። የሚቀጠሉት ነገሮች ደግሞ ብዙ አይደሉም፤ ተለምደው ያልቃሉ። እነሱን ቀድማችሁ ካነሳችሁ አእምሯችሁ የሚታገለው ከሦስት ወይም ከአራት ፊደል ጋር ብቻ ይሆናል።

ስለ አጻጻፌ ልንገራችሁ። የእንግሊዝኛ ፊደሎችን በስማቸው ነው የምጽፈው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያልኩ። እናንተ ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛው ፊደል አስፍሯቸው። በተለይ ሦስቱ እንዳይምታቱባችሁ፦ «ኤ» የመጀመሪያው ፊደል ነው፣ «ኢ» አምስተኛው፣ «አይ» ዘጠነኛው። እያነበባችሁ በእጃችሁ ካልጻፋችሁ መመሪያው ብዙም አይጠቅማችሁም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባዶ ወረቀትና እርሳስ። እስክሪብቶ ሳይሆን እርሳስ፤ ብዙ ትሰርዛላችሁ።
- ወረቀት ቆርጣችሁ የምትሠሯቸው ትንንሽ የፊደል ካርዶች። ስክራብል ካላችሁ የእሱ ካሬዎች ይበቃሉ።
- አንድ የምታምኑት መዝገበ ቃላት፣ መጽሐፍም ሆነ ስልክ ላይ ያለ።
- ኢንተርኔት ካለ «ዋንሉክ» የሚባለው የመዝገበ ቃላት መፈለጊያ ድረ ገጽ። ነጻ ነው። አጠቃቀሙን ደረጃ 7 ላይ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ጥያቄው የትኛው እንደሆነ ለዩ

ሰው ብዙ ጊዜ የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። «እነዚህን ፊደላት የያዘ ቃል» የሚለው አባባል አራት የተለያዩ ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል፤ የአራቱም አፈላለግ ይለያያል።

ሀ. ከተሰጡት ፊደላት ውጭ መጠቀም አይቻልም፤ እያንዳንዱም በተሰጠው ቁጥር ልክ ብቻ ነው የሚገባው። ስክራብል በአብዛኛው እንዲህ ነው። በእጃችሁ ሰባት ካሬ አለ። ሰባቱንም በአንድ ጊዜ ካወረዳችሁ 50 ነጥብ ጉርሻ ታገኛላችሁ።

ለ. የተሰጡት ፊደላት በሙሉ ቃሉ ውስጥ መኖር አለባቸው፤ ሌላ ፊደል መጨመር ግን ይፈቀዳል። «ፒ፣ ኤች፣ ዋይ እና ጂ ያሉበትን ረጅም ቃል አምጡ» እንደሚባለው።

ሐ. ፊደላቱ በተሰጡበት ቅደም ተከተል ጎን ለጎን መምጣት አለባቸው።

መ. ከተሰጡት ውጭ አይቻልም፤ አንዱን ፊደል ደጋግሞ መጠቀም ግን ይቻላል። የኒው ዮርክ ታይምስ «ስፔሊንግ ቢ» ጨዋታ እንዲህ ነው። ሰባት ፊደል ይሰጣል፣ መሃል ላይ ያለው ፊደል የግድ መግባት አለበት፣ ቃሉም ቢያንስ አራት ፊደል ሊኖረው ይገባል።

የቱ እንደሆነ ወረቀቱ አናት ላይ ጻፉ። ለምሳሌ የ«መ»ን ጨዋታ በ«ሀ» ሕግ የሚጫወት ሰው ረጃጅሞቹን ቃላት በሙሉ ያጣቸዋል፤ ረጅም ቃል ፊደል መድገም ይወዳልና።

ደረጃ 2፦ ፊደሎቹን ከተሰጡበት ቅደም ተከተል አላቅቁ

ፊደሎቹን በመስመር ሳይሆን በክብ ጻፏቸው። በመስመር የተጻፈን ነገር ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ እንደ አንድ ቃል ሊያነበው ይሞክራል፤ ከዚያ ቅደም ተከተል መውጣትም ይከብዳል። ክብ መጀመሪያ ስለሌለው ዓይንን ነጻ ይለቀዋል። ካርድ ከሠራችሁም አሥር አሥር ሰከንድ እየቆያችሁ በውዟቸው።

ከዚያ አናባቢዎቹን ለብቻ ቁጠሩ፦ ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ፣ ዩ። አናባቢው ጥቂት ከሆነ ዋይን ፈልጉ፤ እንደ አናባቢ ሆኖ ያገለግላል። «ሪትም» የሚለው ቃል አር-ኤች-ዋይ-ቲ-ኤች-ኤም ተብሎ የሚጻፈው ከአምስቱ አናባቢዎች አንድም ሳይኖርበት ነው። አናባቢው ከተነባቢው ከበዛ ደግሞ ሁለት አናባቢ ጎን ለጎን የሚቆምባቸውን ጥንዶች አስቡ፦ ኢ-ኤ፣ አይ-ኦ፣ ኦ-ዩ፣ ኤ-አይ።

ደረጃ 3፦ አብረው የሚሄዱትን አጣምሩ

አንዳንድ ፊደላት ብቻቸውን አይንቀሳቀሱም። ኪው ካያችሁ ወዲያው ዩ ፈልጉና አያይዟቸው። ፒ እና ኤች ካሉ «ፍ» ሊሆኑ ይችላሉ። ሲ-ኤች፣ ኤስ-ኤች፣ ቲ-ኤች፣ ሲ-ኬ፣ ጂ-ኤች፣ ኤን-ጂ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። አጣምራችሁ እንደ አንድ ፊደል ስትቆጥሯቸው የምታገላብጡት ነገር ቁጥር ይቀንሳል።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች እዚህ ላይ የራሳችን ፈተና አለብን። በአማርኛ የሰማነውን ነው የምንጽፈው፤ የማይነበብ ፊደል አናውቅም። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ቃል ስንፈልግም በጆሯችን እንፈልጋለን። ጆሮ ደግሞ «ላይት» ውስጥ ጂ እና ኤች እንዳሉ አይነግረንም፤ ኤል-አይ-ጂ-ኤች-ቲ ነው። «ናይፍ» በኬ እንደሚጀምር፣ «ሳይኮሎጂ» በፒ እንደሚጀምርም አይነግረንም። በእጃችሁ ጂ እና ኤች፣ ወይም ኬ እና ኤን፣ ወይም ፒ እና ኤስ ካሉ «ድምፃቸው የጠፋ ቢሆንስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲም እንዲሁ አንዴ «ስ» አንዴ «ክ» ስለሚሆን ሁለቱንም ሞክሩ።

ደረጃ 4፦ ባዕድ መድረሻዎቹን አንሱ

የመመሪያው ልብ ይህ ደረጃ ነው። ከፊደሎቻችሁ መካከል ከሚከተሉት መድረሻዎች አንዱ የሚሞላ ከሆነ ካርዶቹን ለይታችሁ በቀኝ በኩል ደርድሯቸው።

- አይ-ኤን-ጂ፦ ከሁሉም በፊት የሚፈለግ። ለሁሉም ግሥ ማለት ይቻላል ይቀጠላል።
- ቲ-አይ-ኦ-ኤን፦ «ሽን» ተብሎ የሚነበበው። ብዙ ጊዜ ከፊቱ ኤ አለ።
- ኤም-ኢ-ኤን-ቲ
- ኤን-ኢ-ኤስ-ኤስ እና ኤል-ኢ-ኤስ-ኤስ፦ ሁለት ኤስ ይፈልጋሉ።
- ኤ-ቢ-ኤል-ኢ እና አይ-ቢ-ኤል-ኢ
- አይ-ቲ-ዋይ
- ኤል-ዋይ
- ኤፍ-ዩ-ኤል፦ መጨረሻው ላይ ኤል አንድ ብቻ ነው። ኤል-ዋይ ሲጨመርበት ግን ሁለት ይሆናል።
- አይ-ዜድ-ኢ
- ኦ-ዩ-ኤስ
- አጫጭሮቹ፦ ኢ-ዲ፣ ኢ-አር፣ ኢ-ኤስ-ቲ፣ ኤ-ኤል፣ ኤል-ኢ እና ብቻውን የሚቀጠለው ኤስ።

ጥንቃቄ። መድረሻ ሲቀጠል ግንዱ ሊለወጥ ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው መልሱ ፊቱ ተቀምጦ ያልፈዋል። ሦስቱን ለውጦች ያዙ።

አንደኛ፣ በኢ የሚያልቅ ግንድ አይ-ኤን-ጂ ሲቀጠልበት ኢው አብዛኛውን ጊዜ ይወድቃል። «ሪሌት» መጨረሻው ኢ ነው፤ «ሪሌቲንግ» ሲሆን ግን ያ ኢ የለም። ስለዚህ የተረፉት ፊደላት ሙሉ ቃል ባይመስሉም «መጨረሻው ላይ ኢ ቢኖርስ?» ብላችሁ አስቡ።

ሁለተኛ፣ ከተነባቢ ቀጥሎ የሚመጣ የመጨረሻ ዋይ ወደ አይ ይለወጣል። «ሃፒ» በዋይ ያልቃል፤ «ሃፒነስ» ውስጥ ግን በቦታው አይ ገብቷል። አይ-ኤን-ጂ ሲቀጠል ግን ዋይው እንዳለ ይቆያል።

ሦስተኛ፣ አጭር ግንድ የመጨረሻ ተነባቢውን ሊደግም ይችላል። «ረን» አንድ ኤን አለው፤ «ረኒንግ» ግን ግንዱ ላይ ሁለት፣ መድረሻው ውስጥ ደግሞ ሦስተኛ ኤን ይፈልጋል። በ«ሀ» ሕግ የምትጫወቱ ከሆነ ሦስቱም በእጃችሁ መኖራቸውን አረጋግጡ።

ደረጃ 5፦ ባዕድ መነሻዎቹን አንሱ

አሁን ደግሞ በግራ በኩል። የሚፈለጉት፦ አር-ኢ፣ ዩ-ኤን፣ ዲ-አይ-ኤስ፣ ፒ-አር-ኢ፣ ኤም-አይ-ኤስ፣ ሲ-ኦ-ኤን፣ ኦ-ዩ-ቲ፣ ኦ-ቪ-ኢ-አር፣ አይ-ኤን-ቲ-ኢ-አር እና ቲ-አር-አይ።

አይ-ኤን ለብቻው ይታይ። ከፒ፣ ከቢ እና ከኤም በፊት ኤኑ ወደ ኤም ይለወጣል፤ «ኢምፖሲብል» እንደሚባለው። ከኤል በፊት ኤል፣ ከአር በፊት ደግሞ አር ይሆናል፤ «ኢሊጋል» እና «ኢሬጉላር» ምሳሌ ናቸው። ስለዚህ ሁለት ኤል ወይም ሁለት አር ከአይ ጋር ካያችሁ ይህን አጋጣሚ ሞክሩ።

ደረጃ 6፦ መሃል ላይ የቀረውን ፍቱ

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው አብረን እንሂድበት። ሕጉ «ሀ» ነው፤ ስምንቱን ፊደላት በሙሉ እንጠቀማለን፦

ኤ፣ ኢ፣ ጂ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤን፣ አር፣ ቲ

አይ-ኤን-ጂን ፈልጉ። አለ። ወደ ቀኝ አንሱት። የቀሩት ኤ፣ ኢ፣ ኤል፣ አር፣ ቲ ናቸው። ከአምስት ፊደል ቃል መሥራት ለማንም አይከብድም። «አለርት» ይወጣል፤ ኤ-ኤል-ኢ-አር-ቲ። «ኦልተር»ም ይወጣል፤ ኤ-ኤል-ቲ-ኢ-አር። «ሌተር»ም ይወጣል፤ ኤል-ኤ-ቲ-ኢ-አር። አሁን መድረሻውን መልሱላቸው። «አለርቲንግ» ትክክል ነው። «ኦልተሪንግ» ትክክል ነው። «ሌተሪንግ» ግን ቃል አይደለም፤ «ሌተር» እዚህ ላይ «በኋላ» ማለት እንጂ ግሥ አይደለም። አይ-ኤን-ጂ የሚቀጠለው በግሥ ላይ ነውና የወጣው ግንድ ግሥ መሆኑን ሁልጊዜ ጠይቁ።

አላለቀም። ኢ የወደቀበት ግንድ ቢሆንስ? አር-ኢ-ኤል-ኤ-ቲ። መጨረሻው ላይ ኢ ብንጨምርበት «ሪሌት» ነው። ስለዚህ «ሪሌቲንግ» ሦስተኛው መልስ ሆነ።

አሁን አይ-ኤን-ጂን መልሳችሁ በትኑትና ሌላ ጫፍ ሞክሩ። ኤ-ኤልን ወደ ቀኝ፣ አይ-ኤንን ወደ ግራ። መሃል ላይ ኢ፣ ጂ፣ አር፣ ቲ ቀሩ። ቲ-ኢ-ጂ-አር ሲሆኑ «ኢንተግራል» ይመጣል። እንደገና በትኑ። ቲ-አር-አይን ወደ ግራ፣ ኤል-ኢን ወደ ቀኝ። የቀሩት ኤ፣ ኤን፣ ጂ። «ትራያንግል»!

ከአንድ ስብስብ አምስት ባለስምንት ፊደል ቃል ወጣ። አንዱም በዘፈቀደ አልተገኘም፤ ጫፉን በለወጥን ቁጥር አዲስ ቃል መጣ። አንድ ጫፍ ሞክሮ ማቆም ለዚህ ነው የማያዋጣው።

ለስክራብል ተጫዋቾች ደግሞ ይህችን ያዙ። አር፣ ኢ፣ ቲ፣ አይ፣ ኤን፣ ኤ የተባሉት ስድስት ፊደላት ከብዙ ሰባተኛ ፊደል ጋር ይስማማሉ። ሲ ቢመጣ «ሰርተን» ይሆናል፤ ሲ-ኢ-አር-ቲ-ኤ-አይ-ኤን። ፒ ቢመጣ «ፔይንተር» አለ። ጂ ቢመጣ «ግራኒት»፣ ዲ ቢመጣ «ትሬንድ» አለ፤ ያውም ቲ-አር-ኤ-አይ-ኤን-ኢ-ዲ የሚጻፈው። ኤል ቢመጣ «ሪላያንት»፣ ኤስ ቢመጣ «ሪቴይንስ»። እነዚህን ስድስት በእጃችሁ ካገኛችሁ ለትንሽ ነጥብ አትበትኗቸው። ሰባተኛውን ጠብቁ።

ሕጉ «ለ» ሲሆን

ሌላ ፊደል መጨመር ከተፈቀደ ሥራው ይገለበጣል። አሁን የምትፈልጉት የተሰጣችሁን ፊደል በብዛት የሚውጥ ጫፍ ነው። ፒ፣ ኤች፣ ዋይ እና ጂ ተሰጡ እንበል። ጂ-አር-ኤ-ፒ-ኤች-ዋይ የሚለው መጨረሻ አራቱንም በአንዴ ይውጣል። ከዚያ በኋላ ፊቱ ላይ የሚቀጠለውን መለዋወጥ ነው። «ጂኦግራፊ» 9 ፊደል ነው። «ፎቶግራፊ» 11። «ቢብሊዮግራፊ» 12። «አውቶባዮግራፊ» 13። «ሲኒማቶግራፊ» 14።

እዚህም አትቁሙ። መድረሻ ላይ መድረሻ ይደረባል። በዋዩ ፋንታ አይ-ሲ-ኤ-ኤል-ኤል-ዋይ ስታደርጉ «ፎቶግራፊካሊ» 16 ፊደል ይሆናል፤ «አውቶባዮግራፊካሊ» ደግሞ 18 ይደርሳል። ዋዩ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ስለመጣ አራቱም ፊደላት አሁንም አሉ። ይህን ማረጋገጥ ግን አትርሱ፤ መድረሻ ሲለወጥ የተሰጣችሁ ፊደል አብሮ ሊወጣ ይችላል።

መደራረብ እስከ የት እንደሚሄድ ማየት ለሚፈልግ፦ «ኔሽን» 6 ፊደል፣ «ናሽናል» 8፣ «ናሽናላይዝ» 11፣ ከዚያ ፊቱ ላይ አይ-ኤን-ቲ-ኢ-አር፣ ኋላው ላይ ኤ-ቲ-አይ-ኦ-ኤን ሲገባ «ኢንተርናሽናላይዜሽን» 20 ፊደል። የኮምፒውተር ባለሙያዎች ይህን ቃል መጻፍ ሲሰለቻቸው አይ-18-ኤን ብለው ያሳጥሩታል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፊደል መካከል 18 ፊደላት ስላሉ ነው።

ሕጉ «ሐ» ሲሆን

የማይመስሉ ተነባቢዎች ጎን ለጎን ከተሰጧችሁ የሁለት ቃላትን መጋጠሚያ አስቡ። በአንድ ግንድ ውስጥ የማይገናኙ ፊደላት ሁለት ቃል ሲጣበቅ ይገናኛሉ። ቲ-ኤች-ኪው ቢባል «ኧርዝ» እና «ኩዌክ» ተጣብቀው የመሬት መንቀጥቀጥ የሚለውን ቃል ሲሠሩ ታገኙታላችሁ። ኬ-ኬ ቢባል «ቡክኪፐር» አለ። መሃሉን በመስመር ለዩት፤ በግራ በኩል የሚያልቀውንና በቀኝ በኩል የሚጀምረውን ለየብቻ ፈልጉ።

ሕጉ «መ» ሲሆን

መድገም ከተቻለ ርዝመት በጣም ይጨምራል። ኤ፣ ሲ፣ አይ፣ ኤን፣ ኦ፣ አር፣ ቲ የተባሉትን ሰባት ውሰዱ። ቲ-አይ-ኦ-ኤን ውስጡ አለ፤ ያንን ቀኝ ላይ ተክሉት። ግን እዚህ ቲ፣ አይ፣ ኦ እና ኤን አላለቁም፤ ግንዱ ውስጥ እንደገና መግባት ይችላሉ። «ትራክሽን» 8፣ «ካርኔሽን» 9፣ «ኮሮኔሽን» 10፣ «አትራክሽን» 10፣ «ኮንትራክሽን» 11፣ «ኢንካርኔሽን» 11። ከሁሉም የሚረዝመው «ራሲዮሲኔሽን» 13 ፊደል አለው፤ አር-ኤ-ቲ-አይ-ኦ-ሲ-አይ-ኤን-ኤ-ቲ-አይ-ኦ-ኤን። በሥርዓት ማሰላሰል ማለት ነው። እዚህ የዘረዘርኳቸው ሁሉ ሰባቱንም ፊደል ይጠቀማሉ። በ«ስፔሊንግ ቢ» እንዲህ ያለ ቃል ፓንግራም ይባላል፤ 7 ተጨማሪ ነጥብም ያስገኛል።

ደረጃ 7፦ በመፈለጊያ አጣሩ

በራሳችሁ ሞክራችሁ ከቆማችሁ በኋላ ዋንሉክን ክፈቱ። ከዚያ በፊት ከከፈታችሁት ዓይናችሁ አይለምድም። የምታስገቡት ቃል ሳይሆን ንድፍ ነው። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው።

- ? ማለት አንድ ፊደል፣ የትኛውም ይሁን።
- * ማለት ስንትም ፊደል፣ ባዶም ቢሆን።
- , ሁለት ንድፎችን አንድ ላይ ያስራል። ሁለቱንም የሚያሟላ ቃል ይመጣል።
- + ንድፉ መጨረሻ ላይ ከፊደላት ጋር ሲገባ «ከእነዚህ ፊደላት ውጭ እንዳትጠቀም» ማለት ነው።
- // ከፊደላት በፊት ሲገባ ፊደላቱን በሙሉ እያገላበጠ ቃል ያወጣል።

ሕጋችሁ «ሀ» ከሆነ // ጽፋችሁ ፊደሎቹን ሳታለያዩ አስከትሉ። «መ» ከሆነ *+ ብላችሁ ፊደሎቹን አስከትሉ። «ሐ» ከሆነ ተከታታዮቹን በሁለት * መካከል አስገቡ። «ለ» ትንሽ ይረዝማል። እያንዳንዱን ፊደል በ* እና በ* መካከል አድርጉና በኮማ አያይዟቸው፦

*ፒ*,*ኤች*,*ዋይ*,*ጂ*

እርግጥ በፊደሎቹ ስም ፋንታ የእንግሊዝኛውን ፊደል ነው የምትጽፉት። የመጣው ዝርዝር ከበዛ ርዝመት ጨምሩበት። አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ ፊደል ያለውን ብቻ ለማየት አሥራ ሁለት የጥያቄ ምልክትና አንድ ኮከብ አስቀድሙ፦

????????????*,*ፒ*,*ኤች*,*ዋይ*,*ጂ*

አንድ ፊደል ሁለት ጊዜ እንዲኖር ከፈለጋችሁ *ሲ*ሲ* ብላችሁ ጻፉ። *ሲ* ብቻ ካላችሁ አንድ ሲ ያለውንም ያመጣል።

ጥንቃቄ፦ ስልካችሁ በአማርኛ ኪቦርድ ላይ ከሆነ ኮማው «፣» ሆኖ ይገባና ፍለጋው አይሠራም። ወደ እንግሊዝኛ ቀይሩት። ውጤቱ ውስጥ የሰውና የአገር ስም፣ ሁለት ሦስት ቃል ያለው ሐረግም ይመጣል፤ እነሱን ዝለሏቸው። ከተቃራኒ ጋር እየተጫወታችሁ ሳለ ግን መፈለጊያ መክፈት ማጭበርበር ነው። ለልምምድና ከጨዋታ በኋላ ለመማር ተጠቀሙበት።

ሌላ አፕ ማውረድ ከፈለጋችሁም ፊደል ለማገላበጥ የስልክ ቁጥሮቻችሁንና ፎቶዎቻችሁን ማየት የሚጠይቀውን አትጫኑ። ለዚህ ሥራ አያስፈልገውም።

ደረጃ 8፦ አረጋግጡ

ቃሉን ጻፉና የተሰጡትን ፊደላት አንድ በአንድ በእርሳስ እየሰረዛችሁ ቁጠሩ። በዓይን ብቻ አትመኑ። ከዚያ መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈልጉት። ስክራብል ከሆነ ደግሞ ጨዋታው የሚቀበለው የቃላት ዝርዝር የራሱ ነው። ከሰሜን አሜሪካ ውጭ በአብዛኛው የሚሠራበት የኮሊንስ ዝርዝር ነው፤ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ሌላ ዝርዝር አለ። የትኛውን እንደምትጠቀሙ ከመጀመሪያው ካልተስማማችሁ መሃል ላይ ጭቅጭቅ ይነሳል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ድርብ ፊደልን መርሳት። «አኮሞዴሽን» ሁለት ሲ እና ሁለት ኤም ይፈልጋል፤ 13 ፊደል ነው። ብዙ ሰው አንዱን ኤም ይተወዋል። በ«ሀ» ሕግ ይህ ቃሉን በሙሉ ያበላሸዋል።

የእንግሊዝንና የአሜሪካን አጻጻፍ መቀላቀል። «ከለር» በእንግሊዝ ዩ አለው፣ በአሜሪካ የለውም። አይ-ዜድ-ኢ በእንግሊዝ ብዙ ጊዜ አይ-ኤስ-ኢ ተብሎ ይጻፋል። ዜድ የግድ ከሆነባችሁ በዜድ የሚጻፈውን ያዙ። ለምሳሌ ኪው እና ዜድ ያለበት ረጅም ቃል ብትባሉ «ኢኳላይዜሽን» በዜድ ሲጻፍ ይሆናል፤ በኤስ ከጻፋችሁት ግን አይሆንም።

ኤስን ቶሎ ማጥፋት። ብዙ ቁጥር ለማድረግ ብቻ መጨረሻ ላይ ትለጠፍና ትረሳለች። ግን ዲ-አይ-ኤስ፣ ኤን-ኢ-ኤስ-ኤስ፣ ኢ-ኤስ-ቲ ሁሉ እሷን ይፈልጋሉ።

አንድ ጫፍ ላይ ሙጭጭ ማለት። አይ-ኤን-ጂ ስላለ ብቻ መልሱ በእሱ ያልቃል ማለት አይደለም። «ትራያንግል»ን አስታውሱ። አንድ ጫፍ ካልሠራ በትኑትና ወደ ሌላው እለፉ።

የራስን ቃል መፍጠር። መነሻና መድረሻ ስለገጠመ ብቻ ቃል አይሆንም። መዝገበ ቃላት ውስጥ ከሌለ የለም።

መለማመጃ

አንደኛ፣ በ«ሀ» ሕግ፦ ኤ፣ ሲ፣ ኢ፣ አይ፣ ኤን፣ ኦ፣ አር፣ ቲ። ሁለት ባለስምንት ፊደል ቃል አውጡ። ፍንጭ፦ ቲ-አይ-ኦ-ኤንን አንሱና የቀሩትን አራት ፊደላት በሁለት መንገድ ደርድሩ።

ሁለተኛ፣ በ«ለ» ሕግ፦ ደብልዩ፣ ኬ እና ዲ ያሉበት፣ 14 ወይም 15 ፊደል ያለው ቃል። ፍንጭ፦ መጨረሻው ኤም-ኢ-ኤን-ቲ ነው፤ ኬው ከሲ ጋር ነው የሚሄደው።

ሦስተኛ፣ በ«ለ» ሕግ፦ ሲ፣ ፒ፣ ዋይ፣ ጂ እና ቢ ያሉበት፣ አንድም ፊደል ያልተደገመበት ባለ15 ፊደል ቃል። ፍንጭ፦ ፊቱ ዩ-ኤን፣ ኋላው ኤ-ቢ-ኤል-ኢ።

መልሶቹ፦ አንደኛው «ክሪኤሽን» እና «ሪአክሽን»። ሁለተኛው «አክኖውለጅመንት»፤ ከጂው ቀጥሎ ኢ ከገባ 15፣ ካልገባ 14 ፊደል ነው፤ ሁለቱም አጻጻፍ ትክክል ነው። ሦስተኛው «አንኮፒራይተብል»፤ ዩ-ኤን-ሲ-ኦ-ፒ-ዋይ-አር-አይ-ጂ-ኤች-ቲ-ኤ-ቢ-ኤል-ኢ። ጂ እና ኤች እዚህም ድምፅ የላቸውም።